ሆሳዕና ላይ ሰዓት ትንሽ ትፈጥናለች

ከአዲስ አበባ የተነሳነው ሐሙስ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዶልፊኗ ሞላች ተብሎ በሯ ከተዘጋ በኋላ ሁለት ሰው ጨምራለች። አለምገናን አልፈን፣ መልካ ቁንጥሬ ላይ አዋሽን ተሻግረን፣ ጥያ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታ ነበር። በዚህ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ወርጄ ትክል ድንጋዮቹን ለማየት አስባለሁ፤ ባለፍኩ ቁጥርም ሳልወርድ አልፋለሁ። ዘንድሮም እንደዚያው ሆነ።

አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ስልኩ ለአፍታ ዝም አላለም፤ የሚደውለው ጆሃንስበርግ ያለው ታላቅ ወንድሙ ነው። "ጋሼ፣ ቡታጅራን አለፍን እንዴ? ወንድሜ ሎኬሽን ላክ እያለኝ ነው" አለኝ። ገና ነን አልኩት። ላከለት። ሰማያዊዋ ነጥብ ካርታው ላይ እየተንፏቀቀች ወደ ደቡብ ስትወርድ አብረን አየናት።

ለምን እንደምጓዝ ያስታወሰችኝ ያቺ ነጥብ ናት። ለልጁም ላስረዳው ሞከርኩ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይዞራሉ። እዚያ የምድር ስበት ስለሚላላ ሰዓታቸው ከእኛ ሰዓት በቀን 45 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጥናል፤ በከፍተኛ ፍጥነት ስለሚበሩ ደግሞ 7 ማይክሮ ሰከንድ ይዘገያል። ተቀናንሶ የሚተርፈው 38 ነው። ማይክሮ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው፤ ምንም ማለት አይመስልም። ግን ሳይታረም ቢተው ስህተቱ በአንድ ቀን ብቻ ከ10 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ወንድሙ በማግስቱ ከቡታጅራ ውጭ የሆነ በቆሎ እርሻ ውስጥ ይፈልገው ነበር። ማረሚያው የተገኘው አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1915 ከጨረሰው ከአጠቃላይ አንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ ነው።

"ሰዓታቸው ተበላሽቶ ነው?" አለኝ።

"አይደለም። እዚያ ላይ ጊዜው ራሱ ነው የሚፈጥነው።"

ፊቴን ትንሽ አየት አደረገና በትሕትና ኢርፎኑን ጆሮው ውስጥ ከተተ።

እኔም በእሱ ዕድሜ እንዲሁ ነበርኩ። ፊዚክስን ሦስተኛ ዓመት ላይ የተውኩት ቴንሰር የሚባለው ነገር አልገባ ብሎኝ ነው፤ ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የራሴ ነው። ወደ ሆሳዕና የሚወስደኝም ያልተውን ሰው ለማየት ነው። ቀን ተማሪ እያስተማረ ማታ ማታ በዚሁ ንድፈ ሐሳብ ላይ የሚሠራ አንድ መምህር እዚያ አለ ብሎ ወዳጄ ነግሮኛል። ስሙንም የሚያስተምርበትንም ቦታ እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ ስለዚህ መምህሩ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ከረፋዱ 5 ሰዓት ሆሳዕና ገባን። 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወራቤ ላይ ሻይ ባንጠጣ ኖሮ ቀደም ብለን እንደርስ ነበር። የከተማዋ የቀድሞ ስም ዋቸሞ ነው። ይህን ስም ዛሬ የያዘው በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ዩኒቨርሲቲ ነው። ሆስፒታሉ ደግሞ የሀድያዋን ልጅ፣ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብን ባለቤት የንግሥት እሌኒን ስም ይዟል። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ስለተቋቋመ በየመንገዱ አዲስ ታፔላ ይታያል። ከታፔላው ይበልጥ ዓይን የሚስበው ግን መስታወት የለበሰው ፎቅ ነው። የባጃጁን ሹፌር "ይሄ የማነው?" አልኩት። "የደቡብ አፍሪካ" አለኝ። "ያኛውስ?" "እሱም የደቡብ አፍሪካ።" ወደዚያ ሄደው የሠሩ የአካባቢው ልጆች ያስገነቡት ማለቱ ነው፤ የሰው ስም ግን አንድም አልጠራልኝም።

መምህሩን ያገኘሁት መናኸሪያው አጠገብ ካለ ካፌ ነው። አርባ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ ሸሚዙ ኪስ ላይ ሁለት እስክሪብቶ፣ ብብቱ ስር በሽቦ የተጠረዘ ወፍራም ፎቶ ኮፒ። ማኪያቶ አዘዝን። ፎቶ ኮፒው የቻርለስ ሚስነር፣ የኪፕ ቶርንና የጆን ዊለር "ግራቪቴሽን" ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ፣ ከ1,200 ገጽ በላይ ያለው፣ የዚህ ሙያ ሰዎች እንደ ዳዊት የሚደግሙት መጽሐፍ። አንዱ ጥራዝ አልችል ብሎት ሦስት ቦታ ተከፍሏል። የመጀመሪያው ክፍል ጠርዙ ከመገለጥ ብዛት ጠቁሯል፤ ሦስተኛው ገና ነጭ ነው። "እዚያ አልደረስኩም" አለ፣ ዓይኔ የት እንደሄደ አይቶ።

ታሪኩ አጭር ነው፤ ከሌሎች ብዙ መምህራን ታሪክ ጋርም ይመሳሰላል። የከምባታ ልጅ ነው፣ ከዶዮገና አካባቢ። ፊዚክስ የደረሰው በስድስተኛ ምርጫው ነው። ለአራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ አስተማረ፤ ሁለተኛ ዲግሪውን በክረምት እየተመላለሰ ያዘ። የመመረቂያ ጽሑፉ ብርሃን በከባድ አካል አጠገብ ሲያልፍ እንዴት እንደሚጎብጥ ነው። ዛሬ ሌክቸረር ነው። ቀጥሎ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ከዚያ ፕሮፌሰር አለ፤ መሰላሉ ግን ያለ ፒኤችዲ በቀላሉ አይወጣም፤ ፒኤችዲ ደግሞ ያለ አማካሪ አይሠራም።

አንድ ጊዜ በሩ ተከፍቶለት ነበር። ከአንድ የውጭ ተቋም የመቀበያ ደብዳቤ መጣለት። ኦሪጅናል ትራንስክሪፕት ላክ ተባለ። ትራንስክሪፕቱ እንዲወጣ የወጪ መጋራት ዕዳው መከፈል ነበረበት፤ ዕዳውን ተበድሮ ከፈለ። ደረሰኙ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲንከባለል ቀኑ አለፈ። ይህን ሲነግረኝ ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ማኪያቶውን ብቻ ብዙ አማሰለ።

"ለዚህ ሙያ እኮ እርሳስና ወረቀት ይበቃል ይባላል" አልኩት፣ ለማጽናናት ያህል።

"ይሄን የሚሉት ያልሞከሩት ናቸው" አለኝ። "ወረቀት አለኝ። ጽሑፍም አላጣም፤ አርካይቭ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ዛሬ ጠዋት የወጣውን እኔም ዛሬ ማታ በነፃ አነበዋለሁ። የሌለኝ ሰው ነው። 'ሦስተኛው መስመር ላይ ምልክቱን ገልብጠሃል' የሚለኝ አንድ ሰው። ባለፈው ዓመት ለአምስት ወር የሠራሁት ስሌት በአንድ የመቀነስ ምልክት ምክንያት ገደል ገባ። ጓደኛ ቢኖረኝ በአምስት ደቂቃ ያየው ነበር።"

ደብተሩን አሳየኝ። ክሪስቶፈል የሚባሉት ምልክቶች በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በጥቃቅን ፊደል፣ አርባ ጊዜ ተደርድረዋል። ገጽ 61 ላይ ሙሉ ገጹን አቋርጦ በቀይ የተሰመረ አንድ መስመር አለ። አጠገቡ "ወይ ጉድ" ተብሎ ተጽፏል።

እውነቱን ነው። ብቻውን ሠራው እያልን የምናወራለት አንስታይን እንኳ ብቻውን አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1909 በበርን የፓተንት ቢሮ ተቀጥሮ ሲሠራ ሐሳቡን የሚያብላላው ከባልደረባው ከሚኬሌ ቤሶ ጋር ነበር። በ1912 የጎበጠ ኅዋ ሒሳብ ሲያስቸግረው የሮጠው ዙሪክ ወደሚገኘው የትምህርት ቤት ጓደኛው፣ ወደ ማርሴል ግሮስማን ነው። ቴንሰሩን ያሳየው ግሮስማን ነው። እኔም ግሮስማን ቢኖረኝ ብዬ ልጽናና አልኩና ተውኩት።

እኛ አገር ይህን ትምህርት ተሸክመው የቆዩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስትሮፊዚክስ ሲያስተምሩ የኖሩት ዶክተር ለገሠ ወትሮ በ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲን ከመሠረቱት አንዱ ናቸው። ያ ማኅበር ነው ኋላ እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖችን ያስተከለው። ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስረው፣ ተገርፈው፣ ከወጡ በኋላ ስታቲስቲካል ፊዚክስ ላይ ሠርተው ተማሪ አፍርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር የሳካሮቭን ሽልማት ሰጥቷቸዋል። መስካቸው ስበት አይደለም። መምህሩ ግን ስማቸውን የሚያነሳው ከማንም አስቀድሞ ነው፤ "እሳቸው በዚያ ሁሉ ውስጥ አልተዉትም" ይላል።

ከዚያ ወሬያችን እንደ ባጃጁ ሹፌር ወደ ደቡብ አፍሪካ ዞረ። የሆሳዕና ወሬ ዞሮ ዞሮ እዚያ ነው የሚደርሰው። የሚገርመው የአንጻራዊነትም የአፍሪካ መናኸሪያ እዚያው መሆኑ ነው። ከስቲቨን ሆኪንግ ጋር እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ኅዋና ጊዜ ግዙፍ መዋቅር ያንን ዝነኛ መጽሐፍ የጻፈው ጆርጅ ኤሊስ የጆሃንስበርግ ተወላጅ ነው፤ ያስተማረውም ኬፕ ታውን ነው። የኅዋ አመጣጥ ተመራማሪው ኒል ቱሮክም እዚያው ጆሃንስበርግ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ2003 ኬፕ ታውን አጠገብ ሙይዘንበርግ ላይ የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋምን ከፍቷል። ከመላው አፍሪካ የሚመጡ ምሩቃን እዚያ አብረው ያድራሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ ማታ ማታ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ይከራከራሉ። ኢትዮጵያዊው አማረ አበበ ከኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ይዞ ዛሬ በደቡብ አፍሪካው ኖርዝ ዌስት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነው። የሚሠራው የአንስታይን እኩልታዎች ቢሻሻሉ የኅዋ መስፋፋት ምን ይመስል ነበር በሚለው ላይ ነው። መምህሩ ጽሑፎቹን አትሞ አስቀምጧል።

አንዱ የደቡብ መንገድ በመቀበያ ደብዳቤና በአውሮፕላን ነው። ሌላኛው በሞያሌ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ እያሳበረ በሌሊት ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ አንድ ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። መምህሩ ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍል ውስጥ ደቡብ አፍሪካ የሚለውን ስም ለምሳሌ አያነሳም።

ማታ ቤት ሳይገቡ አይሄዱም አለኝ። ያሆዴ ካለፈ ሳምንቱ ነው። ባለቤቱ የሀድያ ልጅ ስለሆነች በዚያ ቤት መስቀል በአንድ ጊዜ ያሆዴም መሳላም ይባላል። አታካና ቀረበ፤ ቡላው በቅቤና በወተት ተሠርቶ፣ እየጨሰ። "እርስዎ" ስንባባል ቆይተን እሱ "ጋሼ" እኔ "አንተ" ማለት የጀመርነው እዚያ ገበታ ላይ ነው። ልጆቹ ሲተኙ የመስከረምን ነገር አነሳልኝ። መስከረም 3 ቀን 2008 ዓ.ም. ከቀኑ 6 ሰዓት ከ50 ላይ አሜሪካ ውስጥ ያሉት ሁለት የላይጎ መሣሪያዎች የስበት ሞገድን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዙ። የፀሐይን 36 እና 29 እጥፍ የሚመዝኑ ሁለት ብላክ ሆሎች ተጋጭተው ሲዋሐዱ የተፈጠረ ሞገድ ነው፤ እኛ ጋ ለመድረስ 1.3 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዟል። 4 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የመሣሪያውን ክንድ ያወዛወዘው ከአንድ ፕሮቶን ስፋት እጅግ ባነሰ መጠን ነው።

"ያን ቀን ሰው ሁሉ ለያሆዴ ቅቤ ይገዛ ነበር" አለ። "ሞገዱ ግን ሆሳዕናንም አልፏታል። እኔም ገበያ ውስጥ ነበርኩ። በውስጤ አልፏል።" ይህን ሲል ደረቱን ነካ አደረገ። የፊዚክስ ሰው ሲመካ ማየት ደስ ይላል።

ቅዳሜ ሀምበሪቾ ወጣን። ተራራው ከዱራሜ በላይ ነው፤ ጫፉ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ዛሬ 777 ደረጃ ተሠርቶለት እንግዳ ይጎርፍበታል። ከፎቶ አንሺዎቹና ከሙሽሮቹ መሐል እኛ ሁለታችን ብቻ ሳንሆን አንቀርም ደረጃ የምንለካ። መምህሩ ማስመሪያ ይዞ መጥቷል። አንዱ ደረጃ 15 ሴንቲ ሜትር ነው ብለን ተስማማን፤ ትንሽ ይበልጥ ይሆናል፣ ስሌቱ እንዲቀል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፍ ባልክ ቁጥር ሰዓት ይፈጥናል፤ ሳተላይት ድረስ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1960 ፓውንድና ሬብካ የተባሉ ሁለት የሃርቫርድ ሰዎች ይህን 22.5 ሜትር በሆነ ማማ ውስጥ ለክተው አረጋገጡ። "150 ደረጃ" አለ መምህሩ፣ እዚያው ቆመን። ትንፋሼ ስለተቆረጠ ማረፊያዋን ወደድኳት። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሁለት የአቶሚክ ሰዓቶችን በ33 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍና ዝቅ አድርገው ልዩነቱን አዩ። መምህሩ ሁለት ደረጃ ወጥቶ ዞሮ አየኝ። "እዚህ ያለሁት እኔ እዚያ ካለኸው ካንተ ፈጥኜ እያረጀሁ ነው።"

ሦስት መቶ ምናምን ላይ ቆጠራው ጠፋኝ። እሱ አልጠፋውም። ጫፍ ስንደርስ እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ፤ እሱ ደብተሩን አወጣ። ከመጀመሪያው ደረጃ እስከ መጨረሻው ያለው ልዩነት በዓመት 0.4 ማይክሮ ሰከንድ። ሆሳዕናን 2,200 ሜትር ብለን ከባሕር ወለል፣ ለምሳሌ ከምጽዋ፣ ጋር ብናስተያያት በዓመት 7.5 ማይክሮ ሰከንድ ትፈጥናለች። 70 ዓመት ሆሳዕና የኖረ ሰው ምጽዋ ቢኖር ከሚያረጀው ግማሽ ሚሊ ሰከንድ ያህል ይበልጥ ያረጃል። ከታች ዱራሜ ቆርቆሮዋን እያብለጨለጨች ተዘርግታለች፤ በስተግራ የእንሰቱ አረንጓዴ። ደብተሩ ላይ የጻፈውን ሁለት ጊዜ አጣርቶ ስሌቱን "እየው እስቲ" ብሎ ዘረጋልኝ። አየሁት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተውኩት ነገር ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው ያየሁት። አንድ ቦታ ላይ የዓመቱን ሰከንድ ሲያባዛ አንድ ዜሮ ጥሏል። ነገርኩት። ሳቁ ከተራራው ጫፍ የነበሩትን ሙሽሮች ሁሉ አዞረ።

እሑድ ከሰዓት ቤቱ አጠገብ በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ ስምንት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ያስጠናል፤ በነፃ። የ2014 ዓ.ም. የክፍሉ ብሔራዊ ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2። ከዚያ ወደ 5.4 ከፍ አለ። የፊዚክስ ትምህርት ክፍሎች ተማሪ ያጡት እንዲህ ነው፤ ተማሪ ያጣ ክፍል ደግሞ መምህር አይቀጥርም፣ መምህር ያልቀጠረ ክፍል ውስጥ ስለ ስበት የሚከራከር ሁለተኛ ሰው አይገኝም። መምህሩ የነፃ ውድቀትን ሲያስረዳ የሀምበሪቾን ደረጃና ሰዓቱን ጣል አደረገ። ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?"

"አይመጣም።"

ደብተሯን ልትዘጋ ስትል አሰበችና "ግን ሰዓቱን ማን አየው?" አለች። ጠመኔውን አስቀምጦ አንድ ሙሉ ሰዓት ስለ ሰዓት አወራ። እኔ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ በሦስተኛ ዓመት ያመለጠኝን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሰለቸኝ አዳመጥኩ።

ሰኞ ጠዋት መናኸሪያው ላይ ሲሸኘኝ አንድ ነገር ጻፍልኝ አለ። ገንዘብ አልጠየቀም፣ መጽሐፍም አልጠየቀም። በኬፕ ታውን፣ በፖቸፍስትሩም፣ በትሪየስት፣ በአዲስ አበባ፣ ወይም ሌላ ቦታ ሆናችሁ በስበትና በኅዋ ላይ የምትሠሩ ኢትዮጵያውያን፣ በወር አንድ ሰዓት በስልክ ስሌት የሚያይላችሁ፣ እናንተም የምታዩለት ሰው ሆሳዕና ላይ አለ። የሚመቸው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ነው። ለዚህ ማስታወሻ አዘጋጅ ጻፉ፤ አገናኛችኋለሁ።